ኪስ ያለው የአየር ቱቦ

ልብስ ሰፊው የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ ከሳሎኑ ወለል ስር በደረቱ ሲሳብ፣ ሚስቱ ከላይ ጣውላውን በተረከዟ መታች።

"በሕይወት አለህ?"

ባትሪውን ከአፉ አወጣ። "አለሁ። ምነው?"

"እህቴ ደወለች። መንገድ ላይ ነኝ፣ እማዬን ዛሬውኑ ወደ እኔ ቤት እወስዳታለሁ ብላለች።"

"ስትደርስ ይሄ ቤት ይተነፍሳል፣ ንገሪያት።"

"ባለሙያ እንጥራ ብዬህ ነበር እኮ።"

እሱ ባለሙያ ሊጠራ! ቤቱ አሮጌ ነው፤ ከጣውላው ወለልና ከመሬቱ መካከል ሰው በደረቱ የሚሳብበት ክፍተት አለ። ካለፈው ክረምት ወዲህ እዚያ ውስጥ እርጥበት ተኝቶ ሽታው ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። ቁም ሳጥን ውስጥ ጫማ ሻገተ፣ የአማቱም ሳል ባሰ። ሐኪሙ "ወለሉ ስር አየር ይግባ" አለ። ልብስ ሰፊው ደግሞ መለካት፣ መቁረጥና መግጠም የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው ብሎ ድርቅ አለ። እርጥቡን አየር የሚገፋ ማራገቢያ ገዛ። አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣውን ቱቦ ግን ከዝናብ ልብስ ጨርቅ ራሱ ሰፋው። ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ በድርብ ክር ሰፋ፣ ጠርዙን ቀመቀመ፣ ኪስም አወጣለት። ትልቅ ኪስ ነው። ቱቦ ኪስ ምን ያደርግለታል ብላ ሚስቱ ስትጠይቀው "ልማድ ነው" አለ።

እውነቱን ለመናገር አማቱ እንዲሄዱበት አይፈልግም። ይህን የሚያምነው ሰው የለም፤ ሁለቱ ሲነታረኩ ነውና የሚውሉት። እሳቸው ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠው ቁልፍ እየተከሉለት "ይሄ ኮሌታ ሰው ያንቃል" ይሉታል። እሱ ደግሞ "እርስዎ ይልበሱት አላልኩም" ይላቸዋል። እንዲህ እያሉ ይመሻል። እሳቸው ከሄዱ ያ የስፌት ክፍል ጭር ሊልበት ነው። አፉን ሞልቶ ግን ነግሯቸው አያውቅም።

ቱቦውን ገጥሞ በወለሉ መክፈቻ ብቅ አለና ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው አጓራ። እሱ፣ ሚስቱና አማቱ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሰው አዩ። ቱቦው ግን መች ተነፋ! ገመድ ላይ እንደተሰጣ ሱሪ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሽታውም ካለበት ፈቅ አላለም።

"ጩኸቱ ጥሩ ነው" አሉ አማቱ፣ ሻንጣቸውን ከእግራቸው ሥር አድርገው። "ኪሱንም አሳምረኸዋል።"

"ትንሽ ይታገሱኝ እማማ።"

አማቱ እያሳሉ ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። ሚስቱ ወገቧን ይዛ ቆመች።

"አየሩ የሚወጣው በቱቦው ነው። የሚገባውስ በየት ነው?"

"በግድግዳው ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች ነዋ።"

"አይተሃቸዋል?"

ልብስ ሰፊው አላያቸውም። ቀዳዳዎቹን ከውጭ በኩል የአማቱ አበቦች ጋርደዋቸዋል። የእሳቸውን አበባ የሚነካ ደግሞ ኑሮ የሰለቸው ሰው ብቻ ነው።

ተመልሶ ገባ። እየተሳበ የመጀመሪያው ቀዳዳ ጋ ደርሶ እጁን ቢሰድ ለስላሳ ነገር ነካ። ሳበው። እንደ ትንሽ ትራስ የተሰፋ የጨርቅ ውታፍ ነው። ጨርቁ ከራሱ የስፌት ክፍል የወደቀ ቁራጭ ነው። በሚቀጥለውም ቀዳዳ ያው ነው፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ክሩ መጨረሻ ላይ ያለችውን ቋጠሮ አያት። እንዲህ የሚቋጥር ሰው አንድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አማቱ ንፋስ አይወዱም። ታክሲ ውስጥ የማያውቁትን ሰው መስኮት ያዘጋሉ። እና አበባ ሲያጠጡ ከርመው የቤቱን መተንፈሻ አንድ በአንድ ደፍነውታል። የሚያስላቸውን እርጥበት ቤት ውስጥ የዘጉበት ራሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ተናደደ፤ የማራገቢያው ወጪ፣ የቱቦው ስፌት ድካም፣ የሚስቱ ንዝንዝ ሁሉ መጣበት። አፉን ከፈተ ሊጣራ። ከዚያ የሚስቱ እህት ትዝ አለችው። እሷ ከሰማች ዘመድ ሁሉ ይሰማል፤ አማቱ ደግሞ መሳቂያ ሆነው እዚህ ቤት አንድ ቀን አያድሩም። አፉን ዘጋ። ውታፎቹን ሰብስቦ የቱቦው ኪስ ውስጥ ከተተ። ልክክ አሉ።

ቱቦው ቀስ በቀስ መነፋት ጀመረ።

የቀረው ከአማቱ አልጋ ስር ያለው ቀዳዳ ነው። ጎትቶ ሲያወጣው ሰደርያ ሆኖ ተገኘ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ለስፌት የሰጠው ሰደርያ! "አላመጡልኝም" ብሎ ምሎ የካደው፣ ከሰውየው ጋር ሰላምታ ያቋረጠበት ሰደርያ።

ከላይ የአማቱ ከዘራ ጣውላውን ቆረቆረ።

"ያንን ተወው።"

"የቱን እማማ?"

"የያዝከውን።"



"እግሬ ላይ ይነፍስብኛል" አሉ አማቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሌሎቹን አወጣሃቸው?"

"አውጥቻቸዋለሁ።"

"ለልጆቼ ልትነግራቸው ነው?"

"ቱቦው ተጣጥፎ ነበር እላለሁ።"

"አንተ የሰፋኸው አይደል፣ ያምኑሃል።"

ከደጅ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። ሚስቱ በር ልትከፍት ስትሮጥ ጣውላው ተንቀጠቀጠ። ልብስ ሰፊው ቶሎ ብሎ አፉን ወደ ጣውላው አስጠጋ።

"እማማ፣ አይሂዱብኝ። እርስዎ ከሌሉ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ ነው?"

ከላይ ሳል ተሰማ። ከዚያ አፍንጫ ሲጠረግ ተሰማ።

"ይቺ አንዷ ከተደፈነች የትም አልሄድም።"

ሰደርያውን አየው። መልሶ መወተፉ ቀላል ነበር። እሱ ግን አጥፎ ደረቱ ውስጥ አስገባው፤ ነገ ወስዶ "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ ለርዕሰ መምህሩ ይሰጠዋል። ከዚያ በዚያ ጥበት ውስጥ ራሱን ከጣውላው እያጋጨ ሹራቡን አወለቀ። እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀው።

"አሁንስ ይነፍሳል?"

አማቱ አሰብ አደረጉ። "በግራ በኩል፣ ትንሽ።"

ልብስ ሰፊው ካልሲውን ማውለቅ ጀመረ።