ከጠጠሩ ሥር

"በአካፋ አይደለም! በእጅ፣ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያላችሁ!" አለች ጄን፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ። "መረቡን እኛው ቆርጠን ተቆርጦ አገኘነው እንዳንል።"

ጄን የመንገዱን ሥራ ጥራት የምትመረምር ናት። በድንበሩ ከተማ፣ ሞያሌ ገበያ ውስጥ ስላደገች አማርኛዋ ከነጋዴ አያንስም። ሠራተኞቹ የተዳመጠውን ጠጠር በእፍኝ በእፍኝ ሲያነሱ ጥቁሩ የፕላስቲክ መረብ ብቅ አለ። ኢንጂነሮቹ ጂኦግሪድ ይሉታል፤ ሄሉ መንደር ጋ ያለው ዝቅ ያለ መሬት እንዳይሰምጥ መንገዱን ከሥር የሚይዘው እሱ ነው። ጄን ክሮቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። አንድም አልተበጠሰም።

አሰግድ ይህን ሁሉ ከገልባጭ መኪናው ጋቢና ሆኖ ያያል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ጉድጓዱ የተቆፈረው ከእሱ ጥፋት ዐሥር እርምጃ ርቆ ነው።

ሕጉ ጠፍቶት አይደለም። ጠጠር ሳይለብስ መረቡ ላይ ጎማ አይወጣም፤ የተጫነ መኪና ከዞረበት ክሩ ይበጠሳል። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ጥፋት አንድ ሾፌር ተባሯል። ትናንት ግን የአርብቶ አደሩ የአባ ዲዳ ከብቶች ወደ ውሃ እየሮጡ መኪናው ፊት መጡ። የጠማውን ከብት ማስቆም እዚህ አገር ነውር ነው፤ የአባ ዲዳን ከብት ማስቆም ደግሞ ለአሰግድ ከነውርም በላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት መኪናው ዳበል መንደር አጠገብ ተበላሽቶ ሦስት ቀን መንገድ ላይ ሲቀር ያበሉትም ያጠጡትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ መሪውን ጠመዘዘ፤ እንደተጫነ ባዶው መረብ ላይ ወጥቶ ዞረ። ከሥራው ሰው ማንም አላየውም። ከሰዓት በኋላ መረቡ ጠጠር ለበሰ።

"ንጹሕ ነው" አለች ጄን እየተነሳች። "አሳንቴ ሳና፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ! ባሺር፣ ነገ ቀጣዩን ንጣፍ አልብሱ።"

ፎርማኑ ባሺር በደስታ ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ።

ያን ጊዜ አባ ዲዳ በትራቸውን ተደግፈው፣ የወተት ጮጮ አንጠልጥለው ወደ ጋቢናው መጡ።

"ዴሬቫ! ነጋያ?" አሉ ሾፌሩን።

"ነጋያ፣ አባ ዲዳ። በደህና መጡ?"

"ትናንት ላሞቼን አላስቆምክም። ገለቶማ! እንካ፣ ጠጣ።"

"ምስጋናውስ የእኔ ነው፣ አባቴ። ዳበል ላይ ያጠጡኝን መቼ ረሳሁት?"

"እሱማ ውሃ ነው፤ ውሃ ውለታ አይባልም።" ሽማግሌው ጠጠሩን በበትራቸው መታ መታ አደረጉ። "አምና በዝናቡ ካልቱማ ልጄን ምጥ ይዟት መኪናው እዚህች ጋ ሰመጠ። ሰው ገፍቶ አወጣው፤ ዋቃ አተረፋት። ዘንድሮም እርጉዝ ናት። አሁን ግን አልፈራም፤ እናንተ ሠርታችሁታል።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአሰግድን ያወጣው ግን ወተት ሆነ። ጭስ ጭስ የሚለውን ወተት ተጎነጨ። እኚህን ሰው ከልቡ ይወዳቸዋል። ጮጮውን መለሰላቸውና ከጋቢናው ወረደ።

"ማዳም ጄን፣ አንድ ጉድጓድ ይቀራል።"

"የት?"

"እዚህ።" በጫማው ተረከዝ ጠጠሩ ላይ መስመር አሰመረ። "ትናንት እንደተጫንኩ ባዶው መረብ ላይ ዞሬበታለሁ።"

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?" ባሺር ጮኸ። "አልፈን ነበር እኮ!"

ጄን አሰግድን ትክ ብላ አየችው። "ሥራህን ልታጣ ትችላለህ። ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"አሳንቴ፣ ዴሬቫ" አለች ቀስ ብላ።

አሰግድ የመኪናውን ቁልፍ ባሺር መዳፍ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ መስመሩ ላይ ተንበርክኮ ጠጠሩን በእጁ ያነሳ ጀመር። አባ ዲዳ ነገሩ አልገባቸውም፤ ነገር ግን በእሳቸው አገር ጉድጓድ ለብቻ አይቆፈርም። በትራቸውን መሬት ላይ አጋድመው ከጎኑ ተንበረከኩ።