አጥፋው

ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የሚያሰማው ዜማ ባለቤቴን ያናድዳት ነበር። አንድ ቀን ዜማውን አውጥታ የራሷን ድምፅ ቀድታ አስገባችበት። ስከፍተው «ደግሞ መጣህ?» ትለኛለች፣ የተቆጣች አስመስላ። ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የሚያናግረኝ ሌላ የለም። ከፍቼ እሰማታለሁ፣ ዘግቼ ደግሞ እከፍታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከዕቃ ጋር አወራለሁ ብዬ ለማን ልንገር? ለልጄም አልነገርኳትም።

ልጄ የምትኖረው ሩቅ ነው። ፊትህን ልየው እያለች ነዘነዘችኝ፤ አሮጌው ሲስተም ግን የቪዲዮውን ፕሮግራም አልቀበልም አለ። ስለዚህ በአማርኛ የተሠራ አዲስ ሲስተም በፍላሽ አድርጋ በሰው ላከችልኝ።

«አሮጌው እንዳይነካብኝ» አልኳት በስልክ።

«ምን ያደርግልሃል አባዬ?»

«ለምጄዋለሁ።»

«እሺ፣ ጎን ለጎን እንጭነዋለን። ሲነሳ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቅሃል።»

ዲስኩን ለሁለት መክፈል ነበረብን። ዕድሜ ልኬን ጨርቅ የቆረጥኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ይሄማ አያቅተኝም ብዬ ተኩራራሁ። አሮጌውን መርጬ ላጥብበው ስል ስክሪኑ ድርቅ አለ።

«ልጄ፣ ቀጥ አለ እኮ!»

«በቃ አጥፋውና እንደገና እንጀምራለን።»

ይህን ስትል ስክሪኑ ነቃ። ከአሮጌው ሲስተም ሥር «አጥፋ» የሚል ተጽፏል። እሷ ያለችው ቃል ቁልጭ ብሎ እያየሁት ምን ልጠራጠር? ተጫንኩት። እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። ከእኔ እሷ ታውቃለች ብዬ «አዎ» አልኩት።

«አጠፋኸው?»

«አጠፋሁት።»

«ጎበዝ! አሁን መልሰህ አብራው።»

አብራው ስትል ነው የገባኝ። ለካ አጥፋው ያለችኝ ማሽኑን ኖሯል፤ እኔ አሮጌውን ሲስተም ደምስሼዋለሁ።

«አባዬ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

ከዚያ በኋላ ጫን ያለችኝን እየጫንኩ፣ ጠብቅ ስትለኝ እየጠበቅኩ ጨረስነው። እጄ ይሠራል እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። አዲሱ ሲስተም ትንፍሽ ሳይል ተከፈተ።

ስልኩን ዘጋነውና ልጄ በቪዲዮ ስክሪኑን ሞልታ መጣች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች፤ ስትስቅ ቁርጥ እናቷን።

«አየሁህ! አየሁህ! ግን ድምፅህ አይሰማም፣ ማይኩን አብራው።»

ማይኩን አልነካሁትም።

«የእናትሽን ድምፅ አጠፋሁት» አልኳት። «የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ቤቱ ጭር ብሎብኛል ልጄ፣ በጣም ጭር ብሎብኛል።»

ከንፈሬን እያየች ትስቃለች፣ በጣቷ ጆሮዋን ታሳየኛለች። ተናግሬ ስጨርስ አበራሁት።

«አሁን ሰማሁህ! ምን እያልከኝ ነበር?»

«ከስተሻል ነው ያልኩሽ» አልኳት።