የሙሚና ብርዝ

ሙሚና ከባሏ የደበቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም የደበቀችው ለአንድ ቀን ብላ ነበር።

ባሏ አብዱረሂም ሸዋ ሮቢት ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ሰው ሁሉ ካኪ ስለሚያሰፋ፣ ከስፌት መኪናው ቀና የሚለው ለሶላትና ለሙሚና ብርዝ ብቻ ነበር። ከአሊዩ አምባ ገበያ ያመጣችውን ማር በውሃ በጥብጣና አጥልላ፣ ከሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ በጣሳ ታቀርብለታለች። እሱም ተጎንጭቶ፣ «እጅሽ ይባረክ» ይላታል።

ሆዱን ሲያመው አዲስ አበባ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ የተቀዳውን ደም በብልቃጥ አሳያት። ደሙ ረግቶ፣ ከላይ የቀረው ውሃ ወተት መስሏል።

«ይኼ ትራይግሊሰራይድ የሚባል የደም ቅባት ነው» አላት። «ሰውነት የተረፈውን ምግብ ለኋላ ብሎ የሚያስቀምጠው በዚህ መልክ ነው። ልኩን ከያዘ አይጎዳም። እንዲህ ሲበዛ ግን ውሎ አድሮ ልብን ይጎዳል፤ ቆሽትንም በድንገት ያቆስላል። ቅቤና ጮማ ይቅርበት። ስኳርና ማርም ጭምር፤ ጉበት ጣፋጩንም ወደ ቅባት ይለውጠዋል።»

አብዱረሂም ያን ጊዜ መድኃኒት ሊቀበል ተሰልፎ ነበር። አውቶቡስ ላይ፣ «ምን አለሽ?» ሲላት፣ «ቅቤና ጮማ ተው ብሏል» አለችው።  ጣርማ በር ሲደርሱ፣ «ይሁን፤ ብርዝሽ አለልኝ» አላት። ሙሚና ልትናገር ቃጣትና ተወችው። ነገ እነግረዋለሁ አለች።

ያቺ ነገ አራት ወር ፈጀች። ቅቤ ከቤቷ ደጃፍ አላለፈም። ጎረቤቶቿም ባል አጠባበቅ ከእሷ ተማሩ ይባባሉ ጀመር። ማሩን ግን ትበጠብጣለች። አንድ ቀን አቅጥናው፣ «ዛሬስ ውሃ አበዛሽበት» ቢላት፣ በማግስቱ አወፈረችው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ለእሱ አዝና ብቻ አልነበረም፤ ያቺን «እጅሽ ይባረክ» ማጣት አልሆነላትም። በመረቃት ቁጥር፣ ነገ እነግረዋለሁ እያለች ባዶውን ጣሳ ታነሳለች።

አንድ ቀን ጣሳውን ጨልጦ ብዙም ሳይቆይ፣ አብዱረሂም ሆዱን ይዞ ስፌት መኪናው ላይ ተደፋ። ሕመሙ ከሆዱ እስከ ጀርባው ይወጋዋል። ጎረቤት ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰው።

የጤና ረዳቱ፣ ድሬሰር ሽፈራው፣ ክንዱ ላይ ፈሳሽ ሰካለትና ወረቀት አወጣ። «ቆሽቱ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ትልቅ ሆስፒታል እልከዋለሁ። ምን ሲበላ ነበር? ለሐኪሞቹ ልጽፍላቸው ነው።»

አብዱረሂም የሙሚናን እጅ ያዘ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሐሙስ ጀውሃ ወርጄ ጮማ በልቻለሁ። አንቺ ይኼን ያህል ስትጠብቂኝ እኔ ከዳሁሽ። አፉ በይኝ፣ ሙሚናዬ» ብሎ እንባው ወረደ።

ሽፈራው «ጮማ» ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ሙሚና የባሏን እንባ አየች፤ ለአንድ ቀን ጮማ ይቅርታ የሚለምናት እሷን ነው። አፈረች።

«ይጨምሩበት፣ ጋሼ ሽፈራው» አለች። «ማርም ብለው ይጻፉ። በየቀኑ፣ አራት ወር ሙሉ። ሐኪሙ ከልክሎት ነበር። እሱ አያውቅም፤ የማውቀው እኔ ነኝ።»

አብዱረሂም ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። እጇን አልለቀቀም። «እጅሽ ይባረክ» ግን አላላትም።