ጠመንጃ ያልወጣለት ለቅሶ

«ጠመንጃው ከሌለ እንግዲህ ዱላውን ያውጡለት!» አለ አንዱ ለቀስተኛ ከዳሱ ጥግ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌዎች ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ለቅሶ ቤት ሐሜት ከንፍሮው ቀድሞ ነው የሚታደለው።

አስማማው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በአምበር አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃው በለቅሶው መሃል ይወጣል፤ ዘመድ ተሸክሞት ይዞራል፣ አልቃሽም ሟቹን ከነጠመንጃው እያነሳች ታስለቅሳለች። የአስማማው ለቅሶ ግን ባዶውን ዋለ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ «መሣሪያ ያላስረከበ ቤቱ ይቃጠላል፣ እሱም ይሰቀላል» ብሎ ሲያውጅ፣ ከመንደሩ መጀመሪያ ሄዶ ያስረከበ እሱ ነበር። ወረቀት ተቀብሎ ተመለሰ። ንዳድ እስኪገድለው ድረስ ገበያ ላይ ደህና ሰላምታ የሰጠው ሰው አልነበረም።

ሚስቱ የብርጓል ሐሜቱን ትችለዋለች። ያልቻለችው የአማቷን ደረቅ ዓይን ነው። እመት ወለተ ሰንበት አንድ ልጃቸውን ቀብረው ሦስት ቀን ሙሉ እንባ አላወጡም።

«ምን ብዬ ላልቅስለት?» አሉ ሊያጽናኗቸው የመጡትን ሴቶች። «ያባቱን ውጅግራ ጠመንጃ ለጣሊያን የሰጠ ልጅ በምን ይለቀሳል?»

«ኧረ እመት፣ አዋጅ ሆኖበት እኮ ነው» አለች ጎረቤታቸው ሥራነሽ።

«የምን አዋጅ! ርስትና ጠመንጃ ካባት ነው የሚወርድ። በየትኛው ሕግ ነው የሚነጠቅ?»

ሥራነሽ ደንግጣ ወደ ደጃፉ አየች። እዚያ ታረቀኝ ተቀምጧል፤ የመንደሩን መሣሪያ እንዲመዘግብ ጣሊያን የሾመው ሰው ነው። ለቅሶ ሊደርስ ይምጣ፣ ጠመንጃ ይወጣ እንደሆነ ሊያይ፣ ማንም አልጠየቀውም። እሱ ራሱ የፈቃድ ጠመንጃ አንግቷል።

የብርጓል ባሏ መሣሪያ ያስረከበበትን ማለዳ አስታወሰች። አስማማው ምላጩ የተሰበረ አሮጌ ስናድር ጠመንጃ ከደምበጫ ገበያ በጤፍ ለውጦ መጥቶ ነበር።

«የማስረክበው ይኸን ነው» አላት። «ያባቴ ጠመንጃ እዚሁ ይቀመጥ። አርበኞች የሚፈልጉት ቀን ይመጣል።»

«ለእናትህስ አትነግራቸውም?»

«እማዬ ደስታ አትችልም። ይኸን ከሰማች እልል ትላለች፤ እልልታዋ ቤታችንን ያስቃጥላል። ሰው ፈሪ ይበለኝ፣ ልጆቼ ቤት ይኑራቸው።»

ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ። ትኩሳቱ ሲበረታበት ብቻ «እናቴ ውሃ ስትሰጠኝ እንኳ ፊቷን ታዞራለች» አለ። የብርጓል ያን ቀን አለቀሰች።

አሁን እናቱ ሳያለቅሱለት ለቅሶው ሊያልፍ ነው። ብትነግራቸው ልጆቿን በእሳት ላይ ማስቀመጧ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ባሏን እንደገና መቅበሯ። ተነሳች።

«እማማ፣ ለንፍሮ ገብስ ልጨምር ነው፤ ጓዳ ይርዱኝ።»

እያጉረመረሙ ተከተሏት። የጎታውን ክዳን አነሳችላቸው።

«እጅዎን ወደ ታች ይስደዱት።»

«ምን አለው?»

«ዝም ብለው ይስደዱት።»

አሮጊቷ ክንዳቸውን በገብሱ ውስጥ አሰመጡት። ድንገት ቆሙ። ጣታቸው የጠመንጃውን ሰደፍ አግኝቶ ነበር፤ ባላቸው በጎረምሳነቱ በካራ የቀረጸበትን መስቀል ዳሰሱ። ደረታቸው ተነፋ፣ አፋቸው ተከፈተ። ከውጭ የታረቀኝ ሳል ይሰማል።

እመት ወለተ ሰንበት የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱትና ነከሱት። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም።

ነጠላውን ካፋቸው አውጥተው «ፊቴን አዞርኩበት» አሉ በሹክሹክታ። «ልጄን፣ አንድ ዓመት ሙሉ።»

«አልተቀየመዎትም፣ እማማ።»

ከዳሱ አንዲት ሴት እንግዳ መጥቷል ብላ ተጣራች። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ክንዳቸው የቆፈረውን ገብስ በሁለት እጃቸው መለሱና ደለደሉት፤ ከዚያም ላዩን ቀስ አድርገው መታ መታ አደረጉት።