ለሚሸጥ ቤት ክዳን

"ውረድ ከዚያ! ውረድ ብያለሁ!"

ሀረገወይን ደጅ ቆማ ትጮኻለች። ታናሽ ወንድሟ ደርበው ጣራው ላይ ወጥቶ የአባታቸውን ቤት የሣር ክዳን እየመነገለ ወደ ግቢው ይጥላል። ጥላሸቱ ነጠላዋን አጠቆረው።

ደርበው ጎሬ ከተማ ጸሐፊ ነው። ለአባቱ ሙት ዓመት መቱ መጥቶ፣ ቤቱ ካልተሸጠ አለ። ቤቱ አባትየው ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ገበያው አጠገብ የሠሩት ነው። ገዢም አልጠፋም፤ የሁሩሙ ከተማው ቡና ነጋዴ አቶ ዲንቃ ስድስት መቶ ብር ብለዋል። ደርበው ግን "ቆርቆሮ ቢለብስ ሺህ ያወጣል" ብሎ ቆርቆሮ አስጭኖ መጣ። እዚያው የምትኖረውን፣ አባቷን ሰባት ዓመት ያስታመመችውን እህቱን አላማከራትም።

"በግንቦት ዝናብ ቤት ይከፈታል? እህሌን የት ላድርገው?"

"እስከ ነገ እጨርሰዋለሁ።"

"ለሚሸጥ ቤት ክዳን! የገዛው ሰው ያልብሰው እንጂ!"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ሰው ቤት የሚገዛው ጣራውን አይቶ ነው።"

"አባባ ሲያጣጥሩ ዞር ብለህ አላየሃቸውም፤ ዛሬ ጣራቸው ታየህ?"

ደርበው የጨበጠውን ሣር ወረወረባት። "አፍሽን ያዢ! ሰባት ዓመት ሙሉ በነጻ የኖርሽበት ቤት ነው!"

እኩለ ቀን ላይ አቶ ዲንቃ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ግማሽ ጎኑ የተራቆተውን ቤት ቆመው አዩት። ደርበው እጁን እያራገፈ ወረደ።

"እንደሚያዩት በቆርቆሮ ልናለብሰው ነው፤ ዋጋውም እንግዲህ..."

"አቶ ደርበው፣" አሉ ዲንቃ፣ "እኔ የምፈልገው ቦታውን ነው። ቤቱን አፍርሼ የቡና መጋዘን እሠራበታለሁ። ቆርቆሮዎን መልሰው ይውሰዱት።" ቀና ብለው ደመናውን አዩ። "ስድስት መቶውም በዝቷል፤ አምስት መቶ። ጣራው የተከፈተበት ሰው ብዙ አይከራከርም።"

ደርበው ፊቱ ቀላ። ጥቂት አንገራግሮ "ይሁን" አለ።

"ያፈርሱታል?" አለች ሀረገወይን። እስከዚያች ሰዓት ማንም አልነገራትም ነበር።

"አዎ እትዬ። እንጨቱን ለማገዶ ከፈለጉት እተውልዎታለሁ።"

ደርበው ወረቀትና ቀለም አወጣ። "ጣትሽን ስጪኝ።"

ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። "አልሸጥም።"

"ግማሹ የኔ ነው! ፍርድ ቤት እገትርሻለሁ!"

"ገትረኝ። ዳኛ ፊት እንገናኛለን።"

"እርስ በርሳችሁ ሳትስማሙ ሰው ትጠራላችሁ!" አሉ ዲንቃ፤ በኦሮምኛ የሆነ ነገር እያጉተመተሙ ወጥተው ሄዱ።

ከሶር ወንዝ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ፤ ወዲያው ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሀረገወይን ግቢው ውስጥ ከተከመረው ቆርቆሮ አንዱን አነሣች።

"እንዳትነኪ! በኔ ገንዘብ የተገዛ ነው!" አለ ደርበው።

ሀረገወይን ቀሚሷን ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሻጠችና፣ ቆርቆሮውን ከፊቷ እየገፋች መሰላሉን መውጣት ጀመረች።