ካውያ የሚያጠፋው እስክሪብቶ

በእትዬ ያለምወርቅ ልብስ ስፌት ቤት የሚቆርጠው እንዳላማው ነበር፤ የምትሰፋው ማንጠግቦሽ። እንደ ብዙዎቹ የደብረ ማርቆስ ሰፊዎች ጨርቅ ላይ ምልክት የሚያደርጉት በጠመኔ ወይም በሳሙና ስባሪ ነበር። ጠመኔው ቶሎ ይረግፋል፤ ሳሙናው ደግሞ ነጭ ጨርቅ ላይ አይታይም። ስለዚህ እንዳላማው ከደጀን አንድ እስክሪብቶ ገዝቶ መጣ። መስመሩ ቀጭን ነው፤ ካውያ ሲያልፍበት ድራሹ ይጠፋል።

እንዳላማው ግን መስመር ብቻ አላሰመረበትም። ማንጠግቦሽ ሠላሳ ዓመት አልፏት አላገባችም። የቆረጠውን ጨርቅ ሲሰጣት በስሟ እየቀለደ «ማን አግብቶሽ» ብሎ ይጽፍበታል። አንብባ ቀና ስትል ካውያውን ያሳልፍበታል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አልቻለችም።

«እትዬ፣ ‹ማን አግብቶሽ› እያለ ጨርቁ ላይ ይጽፍብኛል።»

እትዬ ያለምወርቅ ጨርቁን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። ነጭ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያየሽ ነው? እንዲህ ከሆንሽማ የስፌት መኪናዬ ላይ አላስቀምጥሽም።»

«ጾሙ ነው እትዬ» አለ እንዳላማው ካውያውን እያስቀመጠ፤ «ራሷን አዙሯት ነው።»

ሥራዋን እንዳታጣ ፈርታ ከዚያ ወዲህ ዝም አለች።

ታኅሣሥ ላይ አንዲት ሴት ውርጭ ከማይለየው ደጋ፣ ከሮብ ገበያ፣ የልጇን ቀሚስ ይዛ መጣች። በስፌት ቤቱ ማንጠግቦሽ ብቻ ነበረች።

«ስትሰጡኝ ንጹሕ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ታጥቦ ውጭ ገመድ ላይ አድሮ ውርጭ መታው። ጠዋት ሳየው ይህ ሁሉ መስመር ወጥቶበታል።»

ማንጠግቦሽ ካውያ አሳለፈችበት፤ መስመሩ ጠፋ። ሴትዮዋን ሸኘቻት። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም።

ጥር ላይ እንዳላማው ሊያገባ ሆነ። እጮኛው ወንጌላዊት የሮብ ገበያ ልጅ ናት። ለልክ በመጣች ቀን ማንጠግቦሽን ሳመቻትና፣ «እህቴ፣ ጀርባውን ሰፋ አድርጊልኝ» አለቻት። «ዘመዶቼ ብዙ ናቸው፤ የሁሉንም ጉልበት ስስም እንዳይተረተርብኝ።»

የሙሽራዋን ቀሚስ እንዳላማው ራሱ ቆረጠ።

«በደንብ ባይታይም ይህን እንኳ በሳሙና ብታሰምረው ይሻላል» አለችው ማንጠግቦሽ።

«ሳሙናውን አንቺ ታጠቢበት። ምናልባት የሚያይሽ ይገኝ ይሆናል።»

ከጀርባው መሐል ላይ፣ ከወትሮው ፊደሉን አተልቆ «ማን አግብቶሽ» ብሎ ጻፈ፤ አሳያት፤ ካውያ አሳለፈበት። እሷም ሰፋችው። ጀርባውን እንደተለመነችው ሰፋ አደረገችው።

የታጠፈበት ምልክት እንዲለቅ ቀሚሱ ሮብ ገበያ ዳስ ውስጥ ተሰቅሎ አደረ። ውርጭ ነበር። ገና ሳይነጋ ወንጌላዊት በጨለማ ለበሰችው፤ ነጠላ ደረበችበት። የአጎቷን የቄስ ወልደ ሰንበትን ጉልበት ልትስም ዝቅ ስትል ነጠላው ተንሸራተተ። ከኋላዋ አንድ ሚዜ ድምፁን አውጥቶ አነበበው። ሣቅ ተሰማ። ምን እንደሚያሥቃቸው ስላላወቀች የሚቀጥለውን ጉልበት ሳመች፤ ከዚያም የሚቀጥለውን።

በኋላ ሲነግሯት ጓዳ ገብታ ዘጋች። እንዳላማው ያለ ሙሽራ ተመለሰ።

በሳምንቱ ቄሱ ቀሚሱን ይዘው፣ ወንጌላዊትንና እንዳላማውን አስከትለው ስፌት ቤቱ መጡ።

«ማንጠግቦሽ ናት» አለ እንዳላማው። «በቅናት የጻፈችው ነው።»

እትዬ ያለምወርቅ ጽሑፉን ቆመው አዩት።

«ይህችን ቃል ሰምቻታለሁ» አሉ። «ጾሙ ነው ያልኸኝ ዕለት። መቀሱን አስቀምጥና ውጣ።»

አስቀምጦ ወጣ። ማንጠግቦሽ ይህን ቀን ስንት ጊዜ ተመኝታው ነበር። ቀና ስትል ወንጌላዊት እያየቻት ነው።

«ስትሰጪኝ ንጹሕ ነበር። ጽሑፉ እንደሚመለስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ምን አደረግሁሽ?»

ማንጠግቦሽ ካውያውን አሙቃ ቀሚሱ ላይ አሳለፈችው። ጽሑፉ ጠፋ። አጣጥፋ አቀረበችላት።

ወንጌላዊት እጇን አልዘረጋችም።

«እኔ የምኖረው ሮብ ገበያ ነው» አለች።