ናፍጣ ብቻ

«ማንን አስፈቅደህ ነው የኔን መኪና ለገበያ ያቀረብከው?»

«እማዬ፣ ቀስ በይ፤ ልጁ ተኝቷል።»

«ይተኛ! እኔ ግን አልተኛሁም!»

እትዬ ሚዛን ይህን ሲሉ የበረንዳውን ጠረጴዛ በመዳፋቸው መቱት፤ ማንኪያዎቹ ዘለው ሳህኑ ላይ ተመልሰው አረፉ። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። የሥራ ቱታቸውን ለብሰዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሻይ ግን ሳይነካ ቀዝቅዟል። ባንክ ቤት የሚሠራው ልጃቸው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በቤቱ በኩል ያለውን መስኮት በዓይኑ ሰረቅ አደረገው።

«አለቃዬ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል። ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

«በራስህ ዕቃ ቃል ስጥ። የሰው ዕቃ ይዞ ቃል የሚሰጥ ምን እንደሚባል ታውቃለህ፤ እኔ አልነግርህም።»

እትዬ ሚዛን የክርስትናም የመዝገብም ስማቸው አይደለም። ከባላቸው ጋር ሠላሳ ዓመት፣ ባላቸው ካለፉ በኋላ ደግሞ ብቻቸውን ስድስት ዓመት የሰው ሚዛን ሲያስተካክሉ ስለኖሩ፣ ባለ ወፍጮውም ባለ ሥጋ ቤቱም ተስማምቶ ያወጣላቸው ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ክብደታቸው የታወቀ ብረቶች ይዞ መሄድ፣ ሚዛኑ ላይ መጫን፣ ሚዛኑ የዋሸ እንደሆነ ማረም፣ ካረሙ በኋላ ማንም እንዳይነካካው በእርሳስ ማተም። አስቸጋሪዎቹ ብረቶቹ ናቸው። አሥር ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሃያ ኪሎ። ሁለት መቶ ኪሎ እውነት በጀርባው ተሸክሞ፣ ሳይነጫነጭ ዳገት የሚወጣላቸው አንድ ጎርናናው ብቻ ነበር።

ሳይነጫነጭ ማለቱ እንኳ ይቅር፤ ይነጫነጫል። ጎርናናው ሃያ ሦስት ዓመት ያገለገለ፣ በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ነው። ጠዋት ሲነሳ ጉሮሮውን እንደሚጠራርግ ሽማግሌ ስለሆነ ነው ባልየው ይህን ስም ያወጡለት።

«ሰፈሩ ሰዓቱን የሚያውቀው ባንቺ መኪና ነው» አለ ልጅየው። «ጎረቤት ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ‹እናትህ የእህል ወፍጮ ተክላለች ወይ› ይሉኛል።»

«ወፍጮ ብተክል ኖሮ ሊያስፈጩ ይመጡ ነበር። ሌላስ?»

ምራታቸው የልጁን ልብስ እያጣጠፈች በር ላይ ቆማ ነበር። ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ ስትናገር ግን አትስትም።

«እማማ፣ እርስዎን ጠልቼ አይደለም» አለች። «ግን ጠዋት ሲያስነሱት ጭሱ ቀጥ ብሎ የሚገባው በልጁ መስኮት ነው። መጋረጃውን ይዩት። ከነጭ ወደ አመድ ሄዷል።»

እትዬ ሚዛን ወደ መጋረጃው ዞር አሉ። ያንን መጋረጃ ባለፈው ሳምንት ያጠቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሳፋው ውስጥ የቀረውን ውኃ አይተውታል።

«ይኼ እውነት ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እውነትሽን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከአጥር ውጪ ይደር። ጭሱንም መንገዱ ይጠጣው። ሌላ ክስ አላችሁ?»

«ትንሽ የቤንዚን መኪና እንገዛልሻለን» አለ ልጅየው፤ የተከፈተ በር ያገኘ መስሎት ፈጠነ። «ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት። መነሳቷን እንኳ ሳታውቂ ትሄጃለሽ።»

«ብረቶቼን ጭና ዳገቱን ትወጣለች?»

«ብረቶቹን... እማዬ፣ እስከ መቼ ነው ብረት የምትሸከሚው? ስድሳ አንድ ዓመትሽ ነው እኮ።»

እትዬ ሚዛን የቀዘቀዘውን ሻይ ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«እንዲህ በለኛ!» አሉ። «ጠዋት ሙሉ ስለ መኪና የምናወራ መስሎኝ ነበር። ለካ ያረጀሁት እኔ ነኝ! ስማ ልጄ፤ ዛሬ ዳገቱ ላይ ያለው የእህል መጋዘን ግዢ ይጀምራል። ሚዛኑ በየከረጢቱ ሁለት ሁለት ኪሎ ይበላል ብለው ገበሬዎቹ ነግረውኛል። አምስት ሰዓት ላይ ካልደረስኩ ሳይታረም ሊመዝኑበት ነው። ስለዚህ አለቃህ ቢመጣ ሻይ አጠጣው። እኔ ሥራ አለኝ።»

ይህን ብለው ደረጃውን ወርደው ግቢው መሃል ቆሙ።

ጎርናናው ታጥቦ፣ ሰም ተቀብቶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ ፎቶ ሊነሳ እንደ ተዘጋጀ ምልምል ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። አሥሩ ብረቶች ከውስጡ ወጥተው ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። ይህም አናደዳቸው። ግን ገና ሌላ ነገር እንዳለ ተሰማቸው። መኪናውን ዞሩት። ከኋላ፣ የነዳጁ መክፈቻ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጽሑፉ የታለ?»

«የትኛው ጽሑፍ?» አለ ልጅየው ከኋላቸው ወርዶ።

«የአባትህ ጽሑፍ!»

የነዳጁ መክፈቻ ላይ በቀይ ቀለም፣ በተንሻፈፈ ፊደል፣ «ናፍጣ ብቻ!» የሚል ጽሑፍ ነበር። ባልየው የጻፉት መኪናው በተገዛ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ማደያ ላይ ያሉ ቀጂዎች ናፍጣ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ነው ብለው ያምናሉ፤ እንዲህ ያለች የቤት መኪና ስትመጣ ሳይጠይቁ የቤንዚኑን ቧንቧ ያነሳሉ። ባልየው አንድ ቀን ለጥቂት ተርፈው ቤት ሲመለሱ ብሩሽ አንስተው ጻፉ። ፊደሉ አስቀያሚ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም አልተሳሳተም።

«እሱማ በቲነር አስለቀቅሁት» አለ ልጅየው። «እንዴት ብዬ ያንን ለአለቃዬ አሳያለሁ? የግድግዳ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሙሉ አስሞላሁልሽ። ትናንት ከሥራ ገብቼ፣ አንቺ ሳትኖሪ ይዤው ወጥቼ፣ እዚችው ማዕዘኗ ላይ ካለው ማደያ።»

«ምን አስሞላህ?»

«ነዳጅ ነዋ!»

«ቀጂውን ምን አልከው?»

«‹ሙላ› አልኩት። ሞላ።»

እትዬ ሚዛን ክዳኑን ፈቱ። ማሽተት እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ሽታው ራሱ መጥቶ አፍንጫቸውን ወጋው። ቢሆንም ሚዛን አራሚ በአንድ ምስክር አይፈርድም። ሽቦ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው ወደ ታንኩ አስገቡና አወጡት፤ እርጥቡን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት። ናፍጣ ቢሆን ጣት ላይ እንደ ቅባት ይቆያል፤ በሳሙናም አይለቅም። ይኸኛው ቀዝቀዝ ብሎ ወዲያው ደረቀ።

በዚህ መሃል የግቢው በር ተከፍቶ አለቃው ገባ። ሱፍ የለበሰ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል፣ ፈገግታው የማያልቅ ሰው ነው። ልጅየው ሮጦ ተቀበለው፤ ምራቲቱ ከበረንዳው ላይ እጅ ነሳች። አለቃው ለሁሉም በአንድ ሰላምታ መለሰና እየተንጎራደደ ወደ መኪናው ሄደ።

«ይህ ነው? ውይ፣ እንዴት ያምራል!» አለና በሩን ከፍቶ መሪው ፊት ተቀመጠ። ቁልፉ እዚያው ተሰክቶ ነበር። «እስቲ ድምፁን እንስማው...»

«እጅዎን ከቁልፉ ያንሱ!»

የአለቃው እጅ አየር ላይ ቀረ። በባንክ ቤት ሃያ ዓመት ሲሠራ እንዲህ የጮኸበት ሰው አልነበረም።

«እማዬ!» አለ ልጅየው በሹክሹክታ።

«አይቆጡኝ ጌታዬ» አሉ እትዬ ሚዛን ወደ መኪናው መስኮት ጠጋ ብለው። «ልጄ ቤንዚን አስሞልቶበታል። ናፍጣ ማቃጠያ ብቻ አይደለም፤ ለፓምፑ ቅባቱም ነው። ቤንዚን ደረቅ ነው። አንዴ ያዞሩት እንደሆነ ብረት በብረት ይፋጭና፣ ከዚያ ወዲያ መኪና ሳይሆን የዶሮ ቤት ነው የሚገዙት። ከማደያው እስከዚህ ቁልቁለት ባይሆን ኖሮ ትናንት አልቆለት ነበር።»

«በሩ ላይ ሲደርስ እንኳ አስሎ ነበር» አለ ልጅየው ሳያስበው። «ሁልጊዜ ስለሚያስል ምንም አልመሰለኝም።»

አለቃው ቀስ ብሎ ወረደ። ፈገግታው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

«ልጅዎ እንከን የለሽ ነው ብሎኝ ነበር።»

«እንከን የሌለው አንድ እግዜር ነው። ይህ መኪና ነው። ልንገርዎ?»

«ይንገሩኝ።»

ልጅየው ከአለቃው ትከሻ በስተጀርባ ሆኖ ዓይኑን ይጠቅሳል፤ ራሱን ይነቀንቃል። እትዬ ሚዛን ሳያዩት አልቀሩም።

«ጠዋት ቁልፉን አንዴ ከፍተው ይቺ ብጫ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቃሉ። ካልጠበቁ አይነሳም፤ ቢነሳም ሰፈሩን በጭስ ይሞላል። ብጠብቅስ ቢሉ? ቢጠብቁም ይጮሃል። የምራቴን መጋረጃ ሄደው ይዩ። ውኃ የገባበት ናፍጣ ከቀዱ ተበላሹ። ሲበላሽ ደግሞ እንደ ቤንዚን መኪና በርካሽ አይታረቅም። ዘይቱን ቀን ሳያሳልፉ መቀየር ነው። አጭር መንገድ አይወድም፤ ሳይሞቅ ደጋግመው ካጠፉት ጥቀርሻ ይሞላዋል።»

«ጥሩ ነገር የለውም ማለት ነው?» አለና አለቃው ሳቀ።

«አለው እንጂ! ሁለት መቶ ኪሎ ጭነውበት ዳገቱ መሃል ላይ ቢያቆሙት፣ ሳይንተፋተፍ ተነስቶ ይሄዳል። የቤንዚን መኪና ሁለቴ በሚቀዳበት መንገድ ይህ አንዴ ይቀዳል። ቁልቁለት ሲወርዱ በማርሽ ይዞ ያወርድዎታል፤ ፍሬን አያቃጥሉም። ሞተሩም ከባለቤቱ በላይ ይኖራል። የኔን ባል ቀብሯል። ቤትዎና ቢሮዎ ምን ያህል ይራራቃሉ?»

«አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።»

«ጭነትስ?»

«ቦርሳዬና ባለቤቴ።»

«እንግዲያው አይግዙት። ለእርስዎ አይሆንም፤ እርስዎም ለእሱ አይሆኑም።»

«እማዬ!» አለ ልጅየው፤ አሁን ሹክሹክታው ቀርቷል። «ሆን ብለሽ ነው! ሆን ብለሽ ነው የምታበላሺብኝ!»

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው!» እትዬ ሚዛን ቀና አሉ። «ግን ከተናገርኩት ውስጥ አንድ የዋሸሁት ካለ ንገረኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሚዛን ላይ ጣቴን አሳርፌ አላውቅም። ላንተ አለቃ ብዬ አልጀምርም። መኪናው አይሸጥም፤ እኔም አልሸጥም። አሁን ዞር በሉልኝ፤ ክብሪትም የሚጭር እንዳይኖር።»

ያን ቅዳሜ ለባንክ ቤቱ ሰዎች የዕረፍት ተራቸው ነበርና አለቃው አልቸኮለም፤ ምራቲቱ ሻይ ስታቀርብለት በረንዳው ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እትዬ ሚዛን ካርቶን አንጥፈው መኪናው ሥር ገቡ። ከታንኩ ሥር ያለውን ብሎን ፈትተው ቤንዚኑን በሳፋ በሳፋ ተቀበሉት።

«ቢያንስ ለኔ መኪና ይሆናል» አለ ልጅየው ከላይ ሆኖ።

«እንዳታስበው! ናፍጣ ተቀላቅሎበታል፤ ሁለት መኪና በአንድ ስህተት ልትቀብር ነው? ለዝገት ማጠቢያ አደርገዋለሁ።»

ከዚያ የነዳጅ ማጣሪያ ፊልትሮውን ቀየሩ። ለክፉ ቀን ዕቃ ቤት ውስጥ ያስቀመጡትን ሃያ ሊትር ናፍጣ አመጡና ጨርቅ በለበሰ ወንፊት አጥልለው ታንኩ ውስጥ ቀዱት። ሃያ ሊትር ለሌላ መኪና ትንሽ ነው፤ ጎርናናውን ግን ዳገቱ ላይ አውጥቶ ይመልሰዋል፤ ይተርፋልም። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ አየሩ ወጥቶ እስክትጠነክር ድረስ ተጫኑ፣ ተጫኑ፣ ተጫኑ። ክንዳቸው ሲዝል በግራ ቀየሩት። ስድሳ አንድ ዓመት፣ አሉ በልባቸው፤ እስቲ እነሱ ይጫኑት።

በረንዳው ላይ ጉዳዩ ገና አልተዘጋም። ልጅየው ጥፋቱን ሳይጠይቅ በሞላው ቀጂ ላይ አደረገ። ምራቲቱ ጽሑፉን ያስለቀቀው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ልጅየው መኪናው ይሸጥ ያልሺው አንቺ ነሽ አላት። «እኔ ይሸጥ አልኩ? መጋረጃው ቆሸሸ ነው ያልኩት!» አለች። አለቃው ሊገላግል ገብቶ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ ናፍጣም ቤንዚንም ጊዜው አልፎበታል፣ መጪው የኤሌክትሪክ ነው አለና አባባሰው። አሁን ሦስቱም በአንድ ላይ ይናገሩ ጀመር።

እትዬ ሚዛን ብረቶቹን አንድ አንድ እያሉ፣ ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ ጫኑ። አሥረኛውን ሲያስገቡ የጎርናናው ጀርባ እንደ ወትሮው ዝቅ አለ። ከሳጥናቸው ቀይ ቀለም አወጡ። ብሩሽ አላገኙም፤ በጣታቸው ጻፉት። ፊደሉ ከባላቸውም የባሰ ተንሻፈፈ።

ቁልፉን ከፈቱ። ብጫዋ መብራት በራች። ጠበቁ።

በረንዳው ላይ የጠረጴዛው ድምፅ ተሰማ፤ አሁን የሚመታው ልጅየው ነው። ወዲያው ከቤት ውስጥ የሕፃኑ ለቅሶ ፈነዳ። ምራቲቱ «አስነሳችሁልኝ!» ብላ ሮጠች፤ ልጅየውም ተከተላት። አለቃው የሚያደርገው ጠፍቶት የሻዩን ስኒ እንደያዘ በሩ ድረስ ሄዶ ወደ ውስጥ ያያል፤ ምላሱን እያስጮኸ ሕፃኑን ከሩቅ ያባብላል።

መብራቷ ጠፋች። ጎርናናው አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ሦስተኛው ላይ ያዘ። አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። እትዬ ሚዛን መኪናውን ከግቢው አወጡ፤ ወርደው በሩን መለስ አደረጉና ወደ ዳገቱ ታጠፉ።